መገጣጠሚያ ማጠፊያ ነውን? በቦሬሊ መጽሐፍና በመኪናው ምሳሌ ላይ የቀረበ ሒስ

ከታተመ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ በሆነው መጽሐፍ ላይ ዛሬ ሒስ ማቅረብ ለአንዳንድ አንባቢ ጊዜ ማባከን መስሎ ይታየው ይሆናል። ደራሲው ካለፈ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ሳይንሱም ከእርሱ ርቆ ሄዷል። ነገር ግን አንድ መጽሐፍ ሞተ የሚባለው ሐሳቡ ከሰው አእምሮ ሲጠፋ እንጂ ወረቀቱ ሲያረጅ አይደለም። ጆቫኒ አልፎንሶ ቦሬሊ «ስለ እንስሳት እንቅስቃሴ» ብሎ የጻፈውን መጽሐፍ አብዛኞቻችን በስሙ አናውቀውም፤ ሐሳቡን ግን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁላችንም በቃላችን አጥንተነዋል። አጥንት መፈንቅል ነው፤ ጡንቻ የሚስበው ገመድ ነው፤ መገጣጠሚያ መደገፊያው ነው፤ ክርንና ጉልበትም እንደ በር ማጠፊያ ይታጠፋሉ የሚለው ትምህርት ያልሰፈረበት የተማሪ ደብተር አይገኝም ለማለት ይቻላል። ማጠፊያ የሚለው ስም ከጥንታውያን ግሪኮች የወረደ ቢሆንም፥ የሰውን ሰውነት እንደ መኪና ቆጥሮ፥ ኃይሉን በቁጥር አስልቶ፥ ምሳሌውን በሳይንስ መሠረት ላይ ያቆመው በይበልጥ ቦሬሊ ነው። መኪና ስንል አውቶሞቢልን ብቻ ሳይሆን የስፌቱንም፥ የወፍጮውንም፥ ሰው በእጁ ሠርቶ የሚያንቀሳቅሰውን መሣሪያ ሁሉ ማለታችን ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው፥ ቦሬሊ ትክክል የሆነበትን ነገር ሳንሰስት መመስከር ነው። ሁለተኛው፥ ምሳሌው የሚያበቃበትን ወሰን ማመልከት ነው። ይህን ወሰን አለማወቅ በፈተና ነጥብ ከማጉደል የከበደ ጉዳት እንዳለውም በመጨረሻው ክፍል ለማሳየት እንሞክራለን።

፩. ሰውየውና መጽሐፉ

ቦሬሊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1608 በናፖሊ ተወለደ። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዋና ሙያው ሐኪምነት ሳይሆን ሒሳብ ነበር። በሜሲና፥ ቀጥሎም በፒሳ አስተማረ፤ በፒሳም ከታወቀው የአናቶሚ ሊቅ ከማልፒጊ ጋር ባልንጀርነት ነበረው። በመጨረሻው ዘመኑ በሮም ሲኖር፥ ቀድሞ የስዊድን ንግሥት የነበረችው ክሪስቲና ትረዳው ነበር። በ1679 መጨረሻ ሲሞት መጽሐፉ ገና ከማተሚያ ቤት አልወጣም፤ የመጀመሪያው ክፍል በ1680፥ ሁለተኛው በ1681 ታተመ። የተጻፈው በላቲን ሲሆን በ1989 ወደ እንግሊዝኛ ስለ ተመለሰ፥ ላቲን የማናውቅ ሰዎችም ልናነበው በቅተናል።

ከእርሱ በፊት አጥንቶችን የቆጠሩና የሳሉ ሊቃውንት አልጠፉም። ቬሳልዩስ በ1543 ባሳተመው ታላቅ የአናቶሚ መጽሐፍ፥ የጥንቱ ሐኪም ጋሌን በእንስሳት አካል ያየውን ለሰው በመስጠት የሠራቸውን ስሕተቶች አርሟል። ለምሳሌ ያህል፥ የሰው የታችኛው መንጋጋ ሁለት ሳይሆን አንድ አጥንት መሆኑን አሳይቷል። ሆኖም ቬሳልዩስ ያስረዳን አጥንቱ ምን እንደሚመስልና ከምን ጋር እንደሚያያዝ ነው። የቦሬሊ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም አካሉ እንዲንቀሳቀስ ስንት ኃይል ያስፈልገዋል የሚል ነው። በዚህ ጥያቄ ምክንያት መጽሐፉ ከቀደሙት ሁሉ ይለያል።

፪. ትክክል የሆነበት

ከቦሬሊ በፊት ሲታመን የኖረው ጡንቻ በትንሽ ኃይል ትልቅ ሸክም ያነሣል የሚል ነበር። ድንጋይ በብረት ዘንግ የሚፈነቅል ሰው የሚያደርገው እንደዚያ ስለ ሆነ፥ ሐሳቡ ለአእምሮ የቀረበ ነው። ቦሬሊ ግን ነገሩ ተቃራኒ መሆኑን በሒሳብ አስረዳ። ሐሳቡን በራሳችን ቁጥር እንግለጸው። ክርናችንን አጥፈን በመዳፋችን 10 ኪሎ ብንይዝ፥ ሸክሙ ከክርኑ መካከል 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ክንድን የሚያጥፈው ጡንቻ ጅማት የሚያያዘው ግን ከክርኑ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ነው። 35 ለ5 ሲካፈል 7 ይሆናል። እንግዲህ የክንዱን የራሱን ክብደት ሳንቆጥር እንኳ፥ ጡንቻው የ70 ኪሎ ክብደት ያህል መሳብ አለበት። በ70ውና በ10ሩ መካከል ያለው ልዩነት የትም አይጠፋም፤ 60 ኪሎ ሆኖ ራሱን መገጣጠሚያውን ይጫነዋል።

ይህ ለምን እንደዚህ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር፥ መልሱ በዚያው በመፈንቅሉ ሕግ ውስጥ ይገኛል። ጡንቻው 1 ሳንቲ ሜትር ሲያጥር መዳፉ 7 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። በኃይል የከሰርነውን በፍጥነትና በርቀት እናተርፈዋለን። ድንጋይ መወርወር፥ መዶሻ መምታት፥ መሮጥም የተቻለን ስለዚህ ነው። የጉልበት ሎሚ የምንለው ትንሽ አጥንትም ጥቅሙ በዚሁ ሕግ ይገለጣል፤ የጭኑን ጅማት ከጉልበቱ መካከል አርቆ ስለሚይዘው ጡንቻው እግርን ለመዘርጋት የሚያገኘውን ብልጫ ያሳድግለታል። ይህ አጥንት በጉዳት ምክንያት የወጣለት ሰው እግሩን ሲዘረጋ ኃይል የሚያንሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ቦሬሊ በዚህ አልተወሰነም። ሰውን በሳንቃ ላይ አስተኝቶ፥ ሳንቃውን በስል ጠርዝ ላይ አመዛዝኖ፥ የሰውነት ክብደት ማዕከል ወዴት እንደሚገኝ መረመረ። በጀርባ አጥንት አንጓዎች መካከል ያለው ትራስ መሰል ነገር እንደ ሞላ ሆኖ ከጡንቻዎች ጋር ሸክምን እንደሚካፈል አስተዋለ። ሰው በክንፍ ለመብረር የማይችለው የደረቱ ጡንቻ ለክብደቱ ስለማይበቃ መሆኑንም አስረዳ። እነዚህ ሁሉ ዛሬም በመሠረታቸው የጸኑ ናቸው።

ስሕተቶቹም አሉ። ጡንቻ የሚያጥረው ከነርቭ የሚወርድ ፈሳሽ በውስጡ እየፈላ ስለሚያሳብጠው ነው ብሎ ነበር። ይህ የዘመኑ የኬሚስትሪ እውቀት ማነስ ያመጣው ስለ ሆነ በእርሱ ላይ አንከሰውም። የምንከሰው ኬሚስትሪ በማያስፈልገው፥ ዓይንና እጅ ብቻ በሚበቃው ነገር ነው።

፫. ጉልበት ማጠፊያ አይደለም

የበር ማጠፊያ አንድ የማይነቃነቅ ዘንግ አለው። በሩ ቢከፈትም ቢዘጋም በዚያው ዘንግ ዙሪያ ይዞራል፤ ሌላ እንቅስቃሴ የለውም። ቦሬሊ ሒሳቡን ሲሠራ የመገጣጠሚያውን ማዕከል እንደዚሁ አንድ ቋሚ ነጥብ አድርጎ ይወስዳል። ለሒሳቡ ይህ አስፈላጊ ነበር፤ ቋሚ ነጥብ ከሌለ ርቀት ለመለካት አይቻልምና። ጥያቄው ግን ይህ ለሒሳብ ሲባል የተወሰደ ነጥብ በእውነተኛው ጉልበት ውስጥ ይገኛል ወይ የሚል ነው።

አንባቢ አሁን በተቀመጠበት ሊፈትነው ይችላል። በወንበር ተቀምጦ፥ ጉልበቱን አጥፎ፥ ተረከዙን መሬት ላይ ተክሎ፥ የእግሩን ጣቶች ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ያዙር። ጭኑ ሳይነቃነቅ ቅልጥሙ ሲዞር በእጁ ዳስሶ ያገኘዋል። ቀጥሎ እግሩን ፈጽሞ ዘርግቶ ያንኑ ይሞክር። አሁን ቅልጥሙ ብቻውን አይዞርም፤ የሚዞር ቢመስልም የሚዞረው ከዳሌው ጀምሮ እግሩ በሙሉ ነው። እንግዲህ ይህ መገጣጠሚያ ሲታጠፍ አንድ ዓይነት፥ ሲዘረጋ ሌላ ዓይነት ጠባይ አለው። እግሩ ተዘርግቶ ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ቅልጥሙ በጥቂቱ ወደ ውጭ ዞሮ ይቆለፋል፤ ቆመን ስንውል የጭናችን ጡንቻ ያለ ልክ የማይደክመው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። እንደዚህ ያለ ጠባይ ያለው የበር ማጠፊያ እኛ አላየንም።

ይህን በሚገባ ከመረመሩት ቀደምት ሰዎች መካከል ጀርመናውያኑ ወንድማማቾች ዊልሄልምና ኤድዋርድ ቬበር ይገኛሉ። ስለ ሰው አረማመድ በ1836 ባሳተሙት መጽሐፍ፥ በጉልበት ውስጥ የጭኑ አጥንት በቅልጥሙ ላይ እየተንከባለለ በዚያው ጊዜም እንደሚንሸራተት ገልጸዋል። የጭኑ አጥንት ጫፍ ሁለት ክብ ጉብታ አለው፤ የቅልጥሙ ራስ ግን ለጥ ያለ ነው ለማለት ይቻላል። ጉብታው መንከባለል ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉልበታችን ሲታጠፍ ወደ ኋላ ተንከባሎ ከቅልጥሙ ላይ በወደቀ ነበር። የሚያስቀረው ምንድን ነው ቢባል፥ በጉልበቱ ውስጥ እንደ መስቀል የተላለፉት ሁለት ጅማቶችና በግራ በቀኝ ያሉት ናቸው። ማዕከሉም እንቅስቃሴው በቀጠለ ቁጥር ቦታውን ይለውጣል። በመኪና ውስጥ ገመድ ቢበጠስ ዘንጉ በቦታው ይቀራል። በጉልበት ግን ጅማቱ ሲበጠስ እንቅስቃሴው ራሱ ሥርዐቱን ያጣል፤ ኳስ ሲጫወት ይህ የደረሰበት ሰው ጉልበቴ ከዳኝ የሚለው ለዚህ ነው።

ለነገሩ፥ ዘንግ የሚባል ነገር አለመኖሩን ለማወቅ ቬበሮችን መጠበቅ አያስፈልግም ነበር። ባለሙያ ሴት ዶሮ ስትበልት አሥራ ሁለቱን ብልት የምታወጣው አጥንት በመስበር አይደለም። ቢላዋዋን ከመጋጠሚያው ላይ ታሳርፋለች፤ ጅማቱ ሲቆረጥ ብልቱ በራሱ ይለያል። በመካከሉ የምትነቅለው ችንካርም ሆነ ዘንግ አይገጥማትም። የእናቶቻችን እጅ የሚያውቀውን ይህን ነገር የእኛ ደብተር ሳይጽፈው መቅረቱ ያስገርማል።

ይህ የጉልበት ብቻ ጠባይ አይደለም። ዳሌንና ትከሻን ብናነጻጽር ሁለቱም ኳስ በጎድጓዳ የተባለው ዓይነት ናቸው። የዳሌው ጎድጓዳ ጥልቅ ስለ ሆነ የጭኑን ራስ አጥብቆ ይይዛል። የትከሻው ግን እንደ ትንሽ ሳሕን ለጥ ያለ በመሆኑ የክንዱን ራስ የሚይዙት በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎችና ጅማቶች ናቸው። ስለዚህ ክንዳችን ከእግራችን ይልቅ በሁሉም አቅጣጫ ይዞራል፤ ከታላላቆቹ መገጣጠሚያዎች ሁሉ ቶሎ የሚወልቀውም ትከሻ ነው። የመኪናውን ምሳሌ ብቻ የያዘ ተማሪ ሁለቱን በአንድ ስም ጽፎ ያልፋቸዋል፤ የሚለያቸውንም አይጠይቅም።

፬. ዘይቱን የሚቀባው ማን ነው?

መኪና ሁሉ እርስ በርሱ የሚፋተግበት ቦታ አለው። ስለዚህ ባለቤቱ በየጊዜው ዘይት ይቀባዋል፤ ቢቀባውም ውሎ አድሮ ይበላል። መገጣጠሚያም እንደዚሁ ይመስላል። ሁለት አጥንቶች በሚገናኙበት ጫፍ ላይ ልም አጥንት፥ ማለት ለስላሳና ነጭ ሽፋን፥ በጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ተለብጧል። በዙሪያው ካለው ከረጢት ውስጥ ደግሞ የእንቁላል ውሃ የሚመስል ፈሳሽ አለ። ጤናማ በሆነ ጉልበት ውስጥ ይህ ፈሳሽ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። ነገር ግን ልም አጥንቱና ፈሳሹ ተባብረው የሚሰጡት ልስላሴ በረዶ በበረዶ ላይ ሲንሸራተት ካለው ይበልጣል።

እስከዚህ ድረስ ምሳሌው ይሠራል። ልዩነቱ የሚመጣው ዘይቱን የሚቀባው ማን ነው ብለን ስንጠይቅ ነው። ልም አጥንት የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው በአብዛኛው ከዚያው ፈሳሽ ነው፤ የሚያገኝበትም መንገድ እንደ ስፖንጅ ነው። ስንረግጥ ይጨመቃል፥ ስናነሣ ይመጥጣል። እንግዲህ እንቅስቃሴ ለመገጣጠሚያ ምግብ የሚደርስበት መንገድ ነው ማለት ነው። ቆሞ የሚያድር የስፌት መኪና አይበላም፤ እንዲያውም ዕድሜው ይረዝማል። ለብዙ ሳምንት ታስሮ የቆየ ጉልበት ግን ሲፈታ ይደርቃል፥ ልም አጥንቱም ይደክማል።

የምሳሌውን ጥንካሬና ድካም አንድ ላይ የሚያሳየን የእንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም የጆን ቻርንሊ ሥራ ነው። ቻርንሊ በ1950ዎቹ መጨረሻ የተበላሸውን የዳሌ መገጣጠሚያ አውጥቶ በብረት ኳስና በቴፍሎን ጎድጓዳ ይተካ ጀመር። ቴፍሎን እጅግ የሚያንሸራትት ነገር በመሆኑ፥ እንደ መኪና ሕግ ከሆነ ምርጫው ትክክል ነበር። በሽተኞቹም በመጀመሪያ ሕመማቸው ለቀቃቸው። ነገር ግን ጎድጓዳው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተበላ፤ ብናኙም በዙሪያው ያለውን ሥጋ አስቆጣ። ቻርንሊ በ1962 ፖሊኤቲሊን የተባለውን ሌላ ፕላስቲክ ወስዶ ሥራውን አቃና፤ ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ሰዎች በዚህ መንገድ ይራመዳሉ። ይህ ለመኪናው ምሳሌ ታላቅ ድል መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ ከተተካው ዳሌ ሁሉ የተሻለው እንኳ ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ከመበላት በቀር ሌላ ዕድል የለውም። ስለዚህ ሐኪሞች ለወጣት ሰው ለመትከል ያመነታሉ።

ለእውነት ሲባል ሌላውንም ወገን መናገር አለብን። ልም አጥንት አንዴ ከተጎዳ በኋላ ራሱን የመጠገን ችሎታው አነስተኛ ነው። በዚህ ረገድ ከአጥንት ይልቅ ለመኪናው ምሳሌ ይቀርባል። ምሳሌው ሐሰት ነው አንልም፤ የምንለው ወሰኑ ይታወቅ ነው።

፭. የአጥንቱን ቅርጽ ያወጣው ማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ክርክራችን ደረስን። የመኪና ክፍል ቅርጹን የሚያገኘው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ነው። አንጥረኛው አስቦ ይቀጠቅጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ሥራ የሚያደርግበት ነገር ማሳነስ ብቻ ነው። በቦሬሊ መጽሐፍ ውስጥ አጥንት እንደዚሁ ተሠርቶ ያለቀ ዘንግ ነው። እርሱ የጠየቀው ይህ ቅርጽ ምን ይሠራል የሚለውን ሲሆን፥ ሥራው ቅርጹን ምን ያደርገዋል የሚለውን ግን አልጠየቀም።

ጥያቄው በሚገባ የተነሣው በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ነው። በዙሪክ የአናቶሚ መምህር የነበረው ሄርማን ፎን ማየር የጭን አጥንትን ራስ ሰንጥቆ ሲያሳይ፥ መሐንዲሱ ካርል ኩልማን በውስጡ ያሉትን ቀጫጭን የአጥንት ክሮች አየ። ክሮቹ የተሰለፉት እርሱ ለክብደት ማንሻ ክሬን በሚሥላቸው የኃይል መስመሮች አኳኋን መሆኑን አስተዋለ። ማየር ይህን በ1867 አሳተመ። በ1892 ደግሞ ዩሊየስ ቮልፍ የተባለ ቀዶ ሐኪም፥ በአጥንት ላይ የሚያርፈው ሸክም ሲለወጥ የአጥንቱም አሠራር ተከትሎ እንደሚለወጥ በመጽሐፍ አቀረበ። ዝርዝሩ በኋላ ብዙ ቢታረምም መሠረታዊው ሐሳብ ጸንቷል። በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ በየዓመቱ ከአጥንቱ ከመቶ አሥር ያህል እየፈረሰ በአዲስ ይተካል። ቴኒስ ከልጅነቱ የተጫወተ ሰው የሚመታበት ክንድ አጥንት ከሌላው ይወፍራል። ክብደት በማይሰማበት ጠፈር ለወራት የሚቆዩ ሰዎች ደግሞ ከዳሌያቸው አጥንት በየወሩ ከመቶ አንድ ያህል ወይም ከዚያ የበለጠ ያጣሉ። ክሬን ሸክም በመሸከሙ አይወፍርም፤ ሥራ በመፍታቱም አይቀጥንም።

ለዚህ ክርክር የሚበልጠው ማስረጃ ከአገራችን የተገኘ ነው። በ1973 በአፋር፥ ሐዳር በተባለው ሥፍራ፥ ዶናልድ ጆሃንሰን የአንድ ጉልበት አጥንቶችን አገኘ፤ ዕድሜያቸው 3.4 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። በሚቀጥለው ዓመት በ1974፥ በእኛ አቆጣጠር በኅዳር 1967 ዓ.ም.፥ በዚያው በሐዳር ድንቅነሽ ተገኘች። የዚያ ጉልበት ባለቤት በሁለት እግሩ ይሄድ እንደ ነበር በምን ታወቀ? የታወቀው የጭኑ አጥንት ከቅልጥሙ ጋር በሚጋጠምበት ላይ ባለው ጋደል ያለ ማዕዘን ነው። የሰው ጭን ከዳሌ ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ስለዚህ በአንድ እግር በቆምን ጊዜ እግራችን ከሰውነታችን ክብደት በታች ይውላል። የቺምፓንዚ ጭን ግን ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ፥ በሁለት እግሩ ሲሄድ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል።

እስካሁን ይህ የቦሬሊ ዓይነት ክርክር ነው፤ ቅርጹ ሥራውን ይነግረናል። አስገራሚው ነገር ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ይህ ማዕዘን በተወለደ ሕፃን ላይ የለም። የሕፃን ጭን ቀጥ ያለ ነው። ማዕዘኑ የሚወጣው ሕፃኑ ወፌ ቆመች እየተባለ መቆም ከጀመረ በኋላ፥ በእርምጃ ብዛት፥ በልጅነቱ ዓመታት ነው። በሕመም ምክንያት ከቶ ተራምዶ የማያውቅ ልጅ ላይ ማዕዘኑ አይወጣም። እንግዲህ የሐዳሩ ጉልበት የሚመሰክረው ባለቤቱ ለመራመድ የተሠራ መሆኑን ብቻ ሳይሆን፥ በእርግጥ የተራመደ መሆኑን ጭምር ነው። መራመዱ በአጥንቱ ላይ ተጽፎ ቀርቷል። የድንቅነሽ አጥንቶች የተጠበቁት ከዚህ ከአዲስ አበባ ሳንወጣ በብሔራዊ ሙዚየም ነው። ስለ አጥንት የምንማር ሁሉ የበር ማጠፊያ ከመሣላችን በፊት እዚያ ሄደን ብናይ ይበጃል እንላለን።

፮. ስሕተቱ የሚያስከፍለው

ምሳሌ ለማስተማሪያ ነው፤ ተማሪ የበር ማጠፊያና ጉልበት አንድ አለመሆናቸውን አያጣውም የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ተቃውሞው ክብደት አለው። ያለ ምሳሌ ማስተማር አይቻልም፤ ቦሬሊም ያለ ምሳሌው አንድ ገጽ ሊጽፍ ባልቻለ ነበር። ነገር ግን ምሳሌ በትምህርት ክፍል ውስጥ አይቀርም። ከእርሱ የሚወጡ መደምደሚያዎች አሉ፤ ሰዎችም በመደምደሚያዎቹ ይኖራሉ። ሁለት ነገር ብቻ እንጥቀስ።

አንደኛው የሽማግሌዎችና የአሮጊቶች ጉልበት ነው። ጉልበቱ የሚያመው ሰው ጉልበቴ አልቋል ይላል፤ ልጆቹም እንግዲያው አይነሡ፥ እንዳይጨርሱት ይቀመጡ ይሉታል። ይህ በፍቅር የተሰጠ ምክር ነው። ጉልበት መኪና ቢሆን ኖሮም ትክክለኛ ምክር በሆነ ነበር። ነገር ግን የተቀመጠ ሰው የጭኑ ጡንቻ ይመነምናል፤ ጉልበቱን የሚይዘው ኃይል ይቀንሳል፤ ሕመሙም ይብስበታል። በዛሬው ሕክምና ለእንደዚህ ያለው የመገጣጠሚያ ሕመም ከሚሰጡት የመጀመሪያ ምክሮች አንዱ በልክ የሆነ እንቅስቃሴና ጡንቻን ማጠንከር ነው። (ድንገት ያበጠ፥ የጋለ ወይም በአደጋ የተጎዳ መገጣጠሚያ ሐኪም ሳያየው እንደማይታሽ የታወቀ ነው።)

ሁለተኛው የተሰበረ አጥንት አያያዝ ነው። በአገራችን አጥንት የተሰበረበት ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻ በእጁ ያለው እውቀት የሚናቅ አይደለም። የወለቀውን ይመልሳል፤ የተሰበረውን አቅንቶ ሰውነት ራሱ እስኪጠግነው ይጠብቃል፤ ይህም አጥንት ሕያው መሆኑን ማወቅ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው እግሩ ወይም እጁ በቀርከሃ ወይም በእንጨት ስንጥር ከመጠን በላይ ጠብቆ ሲታሰር ነው። ያን ጊዜ ደም መሄጃ ያጣል፤ ከማሰሪያው በታች ያለው ሥጋ ይሞታል፤ በአገራችን ሐኪም ቤቶች በዚህ ምክንያት እጃቸውና እግራቸው የተቆረጡ ልጆች መኖራቸው የታወቀ ነው። የተሰነጠቀ ምሰሶ ሲታሰር ጠበቅ ባለ ቁጥር ይጸናል። አጥንት ግን በደም የሚኖር ነው። ወጌሻው ቦሬሊን አላነበበም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የቦሬሊ ነው አንልም። ነገር ግን ሁለቱ በአንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፤ አጥንትን እንደ ደረቅ እንጨት መቁጠር በጥናት ክፍልም በመንደርም የሚገኝ ስሕተት ነው። ነገ ወደ ገጠር ሄደን የምናስተምረው እኛ በደብተራችን የያዝነው ሥዕል ያንኑ የሚያጸና ከሆነ፥ ለወጌሻው የምንነግረው ምን ይኖረናል?

፯. መደምደሚያ

የቦሬሊ መጽሐፍ ታላቅ መጽሐፍ ነው። የሰውን እንቅስቃሴ ከግምት አውጥቶ በሚዛን ላይ አስቀመጠው። ክንዳችን 10 ኪሎ ሲያነሣ ክርናችን ስንት እንደሚሸከም የሚጠይቅ ሁሉ የእርሱ ተማሪ ነው። ጉድለቱ የያዘው ሚዛን የሚመዝነው ኃይልን ብቻ መሆኑና ያልመዘነውን ነገር እንደሌለ መቁጠሩ ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት መማሪያ መጽሐፎች ደግሞ ሒሳቡን ትተው ሥዕሉን ብቻ ወሰዱ፤ ይህም ከጉድለቱ የባሰ ነው። ቦሬሊ ማጠፊያውን የተጠቀመበት ለማስላት ነበር፤ እኛ ግን ከማስላት ይልቅ በቃል ለመያዝ እንጠቀምበታለን።

ስለዚህ ለመምህሮቻችንም ለባልንጀሮቻችንም የምናቀርበው ሐሳብ ከባድ አይደለም። ማጠፊያ መገጣጠሚያ የሚለው ስም ይቅር አንልም። ነገር ግን ስሙ በተጻፈበት ገጽ ላይ ሦስት ጥያቄዎች አብረው ይጻፉ፤ ማዕከሉ በቦታው ይጸናልን? የሚፋተገው ቦታ ምግቡን ከየት ያገኛል? ቅርጹን ከሥራ በፊት አገኘው ወይስ ከሥራ በኋላ? የመጀመሪያውን ተማሪው በራሱ ጉልበት፥ ሦስተኛውን በብሔራዊ ሙዚየም ሊመረምረው ይችላል። ለሁለተኛው ግን የላቦራቶሪ መምህሮቻችን ከሥጋ ቤት አንድ የበግ ጉልበት አስመጥተው በፊታችን ቢከፍቱልን፥ ነጩን ልም አጥንትና ያንን ጥቂት ፈሳሽ በዓይናችን አይተን በጣታችን ዳስሰን እንማር ነበር። ወጪውም እጅግ አነስተኛ ነው።